የዓሦቹ መቀመጫ

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ አያቴና እናቴ ተደብቀው ለዓሦች ሽንት ቤት እየሠሩ እንደሆነ በሙሉ ልቤ አምን ነበር። አሁን ሳወራው ሰው ይስቅብኛል። ያኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሲሚንቶውንም በእጄ አቡክቻለሁ።

አባቴ የጎታች መረብ ጀልባ ካፒቴን ነበር። ጎታች መረብ ማለት አፉ ላይ ከባድ ሰንሰለት የተገጠመለት፣ በግራና በቀኝ የጋራዥ በር በሚያካክሉ ሁለት የብረት ሳንቃዎች ተወጥሮ የባሕሩን ወለል እየቧጠጠ የሚሄድ ትልቅ ከረጢት ነው። ሲወጣ ዓሣ ይዞ ይወጣል፤ ከዓሣው ጋር ደግሞ ድንጋይ፣ የተነቀለ የባሕር ሣር፣ የተገነጠለ ሰፍነግ፣ የተሰበረ ቀንድ አውጣና ስም የሌለው ብዙ ነገር። ሠራተኞቹ ዓሣውን ይለቅሙና የቀረውን በአካፋ ወደ ባሕሩ ይመልሱታል። የሚመልሱት ሞቶ ነው፤ ግን እኔ ያንን አላሰብኩበትም። እናቴ ለምሳ ሲቀመጥ «ዛሬም ጠርገህ መጣህ?» ትለው ነበር። እናቴ ለጥርጊያ ያላትን ክብር ስለማውቅ፣ እያመሰገነችው ይመስለኝ ነበር።

አያቴ የእናቴ አባት ነው። በጉልምስናው ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ ሰፍነግ ሲለቅም የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ወደቡ ሁሉ «ሰፍነጉ» ይለው ነበር። ሙያው አንድ ጆሮውን በልቶበታል። የቀረውን ጆሮ የሚከፍተው ደግሞ ለሚፈልገው ወሬ ብቻ ነው። ጓሯችን ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። እናቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት፤ ሲጫን ሲወርድ የተሰነጠቀ የሽንት ቤት መቀመጫ ሁሉ ይጣል ተብሎ የሚሰጠው ለእሷ ነው። እሷ ግን አትጥለውም። በመደብሩ ጋሪ እየገፋች ወደ አያቴ ጓሮ ታመጣዋለች።

አያቴ የመቀመጫውን ሆድ ግማሽ ድረስ በሲሚንቶ ይሞላል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ አምስት ስድስት ቁራጭ ፌሮ ይተክልበታል፤ ፌሮዎቹ ጫፋቸው ወደ ውጭ ተቆልምሞ እንደ ጃርት እሾህ ይቆማሉ። አንድ ቀን እርጥቡን ሲሚንቶ በጣቴ እየወጋሁ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለዓሦቹ።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

አካፋውን ተደገፈና ወደ ባሕሩ በአገጩ ጠቆመ። «አባትሽ ከሥር ከሥራቸው እየጠረገ መቀመጫ አሳጣቸው። እኛ ደግሞ መቀመጫ እንስጣቸው ብለን ነው።»

እኛ ቤት መቀመጫ የሚባል ነገር ሁለት ነው። አንዱ ሽንት ቤት ውስጥ ያለው፣ ሁለተኛው እኔ ሳጠፋ የምገረፍበት። ዓሣ ሁለተኛው እንደሌለው አባቴ ከሚያመጣው ዓሣ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ነገሩ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ዓሦቹ እስከ ዛሬ የትም ሲጸዳዱ ኖረው አሁን ገና ሰው ሊሆኑ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» ስትለኝም ስጦታ ስለሆነ ይደበቃል ብዬ ተቀበልኩ። አፌ እንደማያርፍ ስለሚያውቅ አያቴ «ቧንቧ» ብሎ የሚጠራኝ ልጅ፣ ያን ምስጢር ሰባት ወር ያዝኩት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

በዕረፍት ቀን አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ያጣውን እንቅልፍ ይተኛል፤ ጣራው ቢወርድበት አይነቃም። እኛ ያኔ መቀመጫውን በጋሪ ገፍተን፣ በሳንቃ አንሸራተን፣ በአያቴ የቀዘፋ ጀልባ ላይ እናሰፍረዋለን። በመንገድ የሚያገኘን ሰው ምንድነው ካለ፣ አያቴ «መልሕቅ» ይላል። ያገኘውን ቁራጭ ብረት ሁሉ መልሕቅ የሚያደርግ ወደብ ስለሆነ ማንም አይገረምም። መልሕቁ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በፌሮዎቹ መሃል ተመቻችቼ፣ ፀሐይ እየሞቀኝ፣ ባሕሩን የምገዛ እየመሰለኝ እሄድ ነበር።

ከጀልባው ሆነን ስናይ የወደቡ የውሃ ጋን ከሳሙና ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ጋር በአንድ መስመር ሲገጥም አያቴ መቅዘፉን ያቆማል። እናቴ ከደረቷ ቁራጭ ወረቀት ታወጣለች። ከአባቴ የሥራ ደብተር የቀዳችው ነው።

«ረቡዕ በዚህ በኩል አልፏል» ትላለች።

«እንግዲያው ሳምንት ሁለት መቶ ሜትር ወደዚህ ይመጣል» ይላል አያቴ። «ባልሽ እንደሚያርስ ገበሬ ነው፤ ትልም አይዘልም።»

ጎረቤታችን አንዲት ሴትዮ ባሏ ሲገባ ሸሚዙን እያሸተተች የት እንደዋለ ትመረምራለች። እናቴም እንደዚያ ያለ ቅናት ይዟት ባሏ ባሕር ላይ የት የት እንደሚዞር የምትከታተል ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አዝንላት ነበር፤ እዚያ ምን ሴት አለ? በእርግጥ የምትሰልለው ለአባቷ ነበር። ከባሏ ጎን ተኝታ፣ ከባሏ ደብተር እየቀዳች፣ የባሏ መረብ የሚሰናከልበትን ቦታ ትመርጣለች። ይህን ሥራ እንዴት አድርጋ ሾርባ ከመቅዳት ጋር እንዳስማማችው ዛሬ ባለትዳር ሆኜም አልገባኝም።

መቀመጫው በጀልባው ጠርዝ ላይ ሲደርስ አያቴ «በሉ፣ ተመቻቹ» ብሎ ይገፋዋል። ቡልቅ ብሎ ይሰምጣል፤ አረፋው ለትንሽ ጊዜ ይፈላል። እኔ አጨበጭባለሁ።

ከዚያ የእኛ የራሳችን መቀመጫ ተቀየረ። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ነው። አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ አባቴ በነጭ ሲሚንቶ ጠግኖት ነበር፤ በኋላ ስንጥቁ ሲሰፋ እናቴ ከመደብሩ አዲስ አመጣች። አሮጌው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም። የተጣለ መቀመጫ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኔም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የአባቴ መረብ መቀደድ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጊዜ ወደቡ ላይ ተቀምጦ ሦስት ቀን ጠገነው። ሁለተኛው ጊዜ ሰንሰለቱ ጭምር ተበጥሶ መጣ። ምሳ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንደ መዳፉ ያወቀው ሜዳ ላይ ድንጋይ በቅሎበታል አለ። እናቴ ቀና ሳትል ሾርባ ጨመረችለት። እኔ ግን ምክንያቱን ደርሼበታለሁ፤ ዓሦቹ መቀመጫ አግኝተው ስላረፉ ጉልበት አውጥተው መረቡን መንከስ ጀምረዋል። ይህንንም ዋጥኩት።

በሦስተኛው ጊዜ አባቴ በምሳ ሰዓት በሩን በእግሩ ከፍቶ ገባ። ከኋላው ቀጭኑ አለ። ቀጭኑ የአባቴ ቀኝ እጅ የሆነ ሠራተኛ ነው፤ በሩን ሙሉ የሚሞላ ሰው ስለሆነ ነው ወደቡ ቀጭኑ ያለው። ክንዱ በደም በራሰ ሸሚዝ ተጠቅልሏል። በደህናው እጁ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። አባቴ ሳህኖቹን በክንዱ ገፋ አደረገና «አስቀምጠው» አለው።

ጆንያው ሲገፈፍ፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት መቀመጫችን ገበታው መሃል ጉብ አለ። አሸዋና አረንጓዴ ነገር ይንጠባጠብበታል፤ አንዱ ፌሮ ላይ የመረብ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ከውስጡ አውራ ጣት የምታክል ሸርጣን ወጥታ በገበታው ላይ ወደ ዳቦው አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። ማንም አልከለከላትም። አባቴ ጣቱን በጠርዙ ላይ አዙሮ፣ አዙሮ፣ ነጩ ሲሚንቶ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን አውቀዋለሁ» አለ። «ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬበታለሁ።»

ቀጭኑ ሳቅ አመለጠውና ወዲያው ዋጠው። ነገሩን ማስረዳት የእኔ ድርሻ መሰለኝ።

«አባዬ፣ አሁን የአንተ አይደለም፤ የዓሦቹ ነው» አልኩ። «እማዬና አባባ አሥራ ዘጠኝ ሠርተውላቸዋል።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማንም ሮጦ አይመልሰውም። አባቴ እኔን አላየኝም። እናቴን ነው ያየው።

«ጀልባዋ በጎኗ ተኛች» አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አንዱን ገመድ በመጥረቢያ ባንበጥሰው ኖሮ፣ አራታችንም አሁን እዚያ ታች ነን። የእሱም ክንድ የቆሰለው በዚያ ነው። ይህን ታውቂ ነበር?»

«አባቴ መረቡ ቀድሞ ይቀደዳል ብሎኝ ነበር።»

«እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

እናቴ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። የቀጭኑን ክንድ አየች። «አላውቅም ነበር» አለች። «ሳላውቅ ነው ያደረግሁት።»

አባቴ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ፤ ዘጠኝ ቀን ጀልባው ላይ አደረ። ልጅ ነኝና የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ሳናስፈቅደው መቀመጫውን ወስደን ሰጥተንበታል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ወደቡ ድረስ ሄጄ፣ አዲሱ መቀመጫ ላይ ጠዋት ጠዋት እሱን እንደማስቀድም፣ እኔ ቢጨንቀኝ እንኳ እግሬን አጣምሬ እንደምጠብቅ ነገርኩት። አባቴ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ቆየና ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ ሸኘኝ። እናቴ ካረጀች በኋላ ነው የነገረችኝ፤ እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ልብሷን በሻንጣ አድርጋ፣ ሂጂ የሚላትን ቃል ስትጠብቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አያቴ ደህናውን ኮቱን ለብሶ፣ እኔን በእጁ ይዞ ወደ ጀልባው ሄደ። እኔን የያዘው ሕፃን የያዘ ሰው አይመታም ብሎ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አባቴ ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ቀና አላለም።

«ስለ ሰዎቹ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አለ አያቴ። «የሰው ነፍስ አስቤ አልሠራሁም። የሽማግሌ ድድብና ነው። ስለ መረቡ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

«ሊገድሉኝ ነበር እኮ፣ እርስዎ።»

«አዎ» አለ አያቴ። አልተከራከረም። ከዚያ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራህበትን ቦታ አይተኸው ታውቃለህ?» አለው።

አባቴ ገመዱን አስቀመጠ። እንደ አብዛኞቹ የወደቡ ካፒቴኖች ዋና አይችልም። የባሕሩን ወለል በሰንሰለቱ መንቀጥቀጥ፣ በገመዱ ውጥረት፣ ከረጢቱ ይዞት በሚወጣው ነገር ያውቀዋል እንጂ አንድም ቀን አላየውም። አያቴ ደግሞ መጥለቁን ካቆመ በኋላም ሰፍነግ ለቃሚዎች የሚጠቀሙበትን ባልዲ አልጣለውም ነበር። ግርጌው ተቆርጦ መስታወት የተገጠመለት ባልዲ ነው፤ ውሃው ላይ አስደግፈህ ፊትህን ስታስገባበት ታቹ ወለል ብሎ ይታያል።

በአያቴ ጀልባ ሦስታችን ወጣን። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። መጀመሪያ የቆምነው አባቴ ሁልጊዜ የሚጎትትበት ሜዳ ላይ ነው። አባቴ አየ፤ ቀጥሎ ለእኔ ሰጡኝ። ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። ማበጠሪያ እንዳለፈበት ሊጥ ረጃጅም መስመር ተሰምሮበታል፤ እዚህና እዚያ የተሰባበረ ዛጎል ይታያል።

«ምንም የለም እኮ» አልኩ። አያቴ መቅዘፊያውን አነሳ። እነሱም ያዩት እሱኑ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ሁለተኛው የቆምንበት ቦታ የውሃ ጋኑና ጭስ ማውጫው የሚገጥሙበት ነው። አያቴ መቀመጫዎቹን የደረደረው እዚያ ነበር፤ ሰንሰለት ገና ያልደረሰበትን የመጨረሻ ቁራጭ መሬት ዙሪያውን አጥሮታል። እዚህ ሣሩ ወደ አንድ ጎን ይተኛና መልሶ ይነሳል። ብርቱካንማና ሐምራዊ ሰፍነጎች የተረሱ ባርኔጣዎች መስለው ተቀምጠዋል። ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች በሣሩ መሃል ይተራመሳሉ፤ አንድ ወፍራም ዓሣ ደግሞ ከአንዱ መቀመጫ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ በመስኮት መንገደኛ እንደምታይ ጎረቤት ዓይኑን ያጉረጠርጣል። እኔ ግን ተናደድኩ። ያን ሁሉ ደክመንላቸው አንዱም በሥርዓቱ አልተቀመጠም።

አባቴ ባልዲውን ወስዶ ፊቱን አስገባበት፤ አላወጣውም። ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትዞር እንኳ እሱ እንደተደፋ ነው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ካፒቴን አባቴን ባሕር አዙሮት እያስመለሰው መሰለኝና በሐፍረት ወደ ሌላ ዞርኩ፤ ለማንም እንደማልናገርም ለራሴ ቃል ገባሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ማዕበል ላይ የኖረ ሰው ዘይት በመሰለ ውሃ ላይ አያቅለሸልሸውም።

ስንመለስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያኛውም እንደዚህ ነበር?» አለ።

«ከዚህ ይሻል ነበር» አለ አያቴ፣ መቅዘፉን ሳያቋርጥ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ እኔንና ሠራተኞቹን አስከትሎ ካፒቴኖች ሻይ የሚጠጡበት ቤት ገባ። እዚያ ግድግዳው ላይ ትልቅ የባሕር ካርታ አለ፤ መረብ የሚበላ ነገር ያገኘ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል። አባቴ እርሳሱን አነሳና ውሃ ጋኑና ጭስ ማውጫው በሚገጥሙበት ላይ የሰመጠ መርከብ ምልክት ሣለ። ትልቅ አድርጎ ነው የሣለው። ከዚያ ዞሮ፣ እዚያ ታች ትልቅ መርከብ እንዳለ፣ ሦስት ጊዜ መረቡን እንደበላበት፣ ሦስተኛው ጊዜ ሰው ሊሞትበት እንደነበር ተናገረ።

ቤቱ ሳቀ። ወርቅ ጥርሱ የሚባለው ካፒቴን የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ብድግ አለ። «ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል» አለ። «ሦስት ጊዜ እዚያው ላይ ግን፣ ያንተ ጀልባ መሪ የለውም እንዴ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ «ካፒቴን ሦስቴ» ተባለ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ሌላ ስም አልነበረውም። ሠራተኞቹ ከኋላው ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። ቀጭኑ በኋላ ሲናገር፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ሊገድለኝ ነበር ብሎ ከማውራት መርከብ ነው ማለቱ ለሁላቸውም ይሻል ነበር አለ።

እኔ በዚያ ዓመት በአባቴ አፈርኩ። ትምህርት ቤት «የሦስቴ ልጅ» ሲሉኝ አንዷን ጸጉሯን ይዤ አፈር አስግጫታለሁ። ለምን ዋሸ? በመቀመጫ መሸነፉን ለመደበቅ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ለዓሦቹ የሚገባውን ምስጋና መርከብ የሚባል ነገር ወሰደባቸው ብዬም ቂም ያዝኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ገባኝ። መቀመጫ መሆኑን ቢናገር ካፒቴኖቹ እየሳቁ በአንድ ቀን ለቅመው ይጥሉት ነበር። መርከብን ግን ማን ለቅሞ ይጥላል? ካፒቴን ከስሙ ሌላ የሚያኮራው ነገር የለውም፤ አባቴ እሱን አውጥቶ እዚያ ካርታ ላይ አስቀመጠው። እናቴ ያን ቀን ማታ ሻንጣዋን ፈታች።

ስለ አባቴ ተረት አላወራም። በማግስቱ መረቡን አቃጥሎ ጻድቅ አልሆነም። ሌላ ቦታ ሰባት ዓመት ጎትቷል፤ ከአያቴ ጋርም በየምሳው ተጨቃጭቀዋል። ጉልበቱ ሲደክም ነው ወደ መንጠቆ የዞረው፤ ያንንም እያጉረመረመ። ያቺን ቁራጭ መሬት ግን አልነካትም። ሌሎቹም አልነኳትም፤ የእርሳሱ ምልክት ከግድግዳው ካርታ ወደ ታተመው ካርታ ተሻገረ፤ መርከቡ ዛሬም እዚያ አለ።

አባቴን የቀበርን ዕለት ሰው ሲበተን ወርቅ ጥርሱ ዱላውን ተደግፎ ወደ እኔ መጣ። ጥርሱ ወልቋል፤ ስሙ ብቻ ቀርቶለታል። እጄን ያዘና ይቅርታ አለኝ።

«በአባትሽ ስቄበታለሁ» አለ። «በኋላ ግን እኔም መርከቡን አየሁት። ጭጋግ የወረደ ቀን ነው፣ ምሰሶው ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ። ያኔ እንዴት እንደሸሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ምሰሶው ቁመቱ ምን ያህል ነበር?» አልኩት።

ዱላውን ወደ ሰማይ አነሳ። «ከዚህ ዛፍ ይበልጣል።»

«አዎ» አልኩት። «አባዬም እንደዚያ ነበር የሚለው።»